ያውቁ ኖሯል? ለጤና መሥራትና ለሜዳሊያ መሥራት

ማለዳ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ብዙ ሰው ይሮጣል። አንዱ ብሔራዊ ቡድን ለመግባት ሴኮንድ ይቆጥራል፤ ሌላዋ ሐኪም "ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀሺ" ብሏት ነው የወጣችው። የሚሮጡበት መንገድ አንድ ቢሆንም ሥራቸው ይለያያል። እሱ አካሉን ለአንድ ግብ ያሠለጥናል፤ ለዚያ ሲልም ሌላ ሌላውን ይተዋል። እሷ የምትፈልገው ልቧም ጡንቻዋም አጥንቷም ዕድሜ ልኳን እንዲያገለግሏት ነው። ብዙ ጉዳት የሚመጣው አንዱ የሌላውን ፕሮግራም ሲዋስ ስለሆነ፣ የዛሬው ዓምዳችን ልዩነቱንና የጥንቃቄውን መንገድ ይዳስሳል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጤና ስንት ይበቃል?

● ለጤና የሚያስፈልገው ልፋት ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ከተራመዱ 150 ደቂቃውን ሞልተዋል።

● ያው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨመር ይመክራል። ብዙ ሯጭና ብዙ ተራማጅ ይህን ይዘለዋል። ጂም መግባት ግድ አይደለም፤ ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግና ደረጃ መውጣት የራስን ክብደት የሚያሸክሙ ሥራዎች ናቸው።

● "መካከለኛ" የሚባለውን ያለ ምንም መሣሪያ መለካት ይቻላል። እየተንቀሳቀሱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ልኩ ላይ ነዎት። ጥቂት ቃላት ተናግረው ትንፋሽ ለመሳብ የሚያቆሙ ከሆነ ከባዱ ውስጥ ገብተዋል።

● በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር ከሐኪሞች ምርምር እንዳልመጣ ያውቁ ኖሯል? በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ ሲያወጣ የተጠቀመበት ቁጥር ነው። ጥቅሙ የሚጀምረው ከዚያ በጣም ቀድሞ ስለሆነ፣ 6,000 እርምጃ ሄደው "አልሞላልኝም" ብለው አይዘኑ።

● እንቅስቃሴ ልብን እንደሚጠብቅ ካሳዩት የመጀመሪያ ትላልቅ ጥናቶች አንዱ የተሠራው በአውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ነው። በ1953 ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሾፌሮች ከትኬት ቆራጮቹ ጋር አወዳደሩ። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ደም ሥር ሕመም የሚያዙት ጥቂት ሆነው ተገኙ።

● ሦስት ሳምንት መተኛት ከሠላሳ ዓመት እርጅና የባሰ ሊጎዳ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለጥናት ሲባል 20 ቀን ከአልጋ ሳይነሱ ቆዩ፤ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ሲለኩ፣ የዕድሜው ጉዳት ከዚያ የአልጋ ቆይታ ያነሰ ነበር። ከሕመም የተነሳ ሰው ወደ ቀድሞ ልምምዱ በአንዴ መመለስ የሌለበት ለዚህ ነው።

ለውድድር ሲሆን

● ሰውነት የሚያዳብረው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የቴኒስ ተጫዋች ራኬት የሚይዝበት ክንዱ አጥንት ከሌላኛው ይወፍራል። ዋናተኞችና ብስክሌተኞች ደግሞ ልብና ሳንባቸው እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ የአጥንታቸው ጥንካሬ ብዙ ጊዜ ከሯጮችና ከዘላዮች ያንሳል፤ ክብደታቸውን ውኃውና ኮርቻው ስለሚሸከሙላቸው አጥንታቸው አይፈተንም። በአንድ ስፖርት ሻምፒዮን መሆን ማለት በሁሉም በኩል የተሟላ ብቃት ማለት አይደለም።

● ጉልበትና ጽናት በአንድ ላይ በከባዱ ሲሠለጥኑ እንደሚሻሙ ያውቁ ኖሯል? በ1980 ሮበርት ሂክሰን የተባለ ተመራማሪ ለ10 ሳምንት አንዱን ቡድን ክብደት አስነሳ፣ ሌላውን የጽናት ሥራ አሠራ፣ ሦስተኛውን ሁለቱንም አሠራ። ሁለቱንም የሠሩት ሰዎች ጉልበታቸው ለጊዜው ቢያድግም ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ቆመና ወደ ታች አለ፤ ጽናታቸው ግን አልተነካም። ይህ ኪሎና ሴኮንድ የሚቆጥረውን ስፖርተኛ ያሳስበው እንጂ እርስዎን አያስጨንቅዎት። ለጤና የሚበጀው ሁለቱንም በመጠኑ መሥራት ነው።

● የዓለም ምርጥ የረጅም ርቀት አትሌቶች ከሥልጠናቸው 80 በመቶ ገደማውን የሚሠሩት በዝግታ ነው። በእንጦጦና በሰንዳፋ ጫካዎች ልምምዱን ያየ ሰው ያውቀዋል፦ አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ ነጠላ ሰልፍ ይዘው፣ በዛፎቹ መካከል ወዲህና ወዲያ እየታጠፉ፣ እግር በእግር ይከተሉታል። ቀኑ የዝግታ ቀን ከሆነ ማንም መሪውን አይቀድምም። ጀማሪው ግን ካልደከመውና ላብ በላብ ካልሆነ የሠራ አይመስለውም፤ በየቀኑ አቅሙን አሟጦ ይመለስና በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል።

● በ1954 አንድ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በታች፣ በ3:59.4 የሮጠው ሮጀር ባኒስተር የሕክምና ተማሪ ነበር፤ አብዛኛውን ልምምዱን ያደረገው በምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶንን ያሸነፈው ኤሚል ዛቶፔክ በበኩሉ 400 ሜትርን በአንድ ቀን ደጋግሞ ደጋግሞ በመሮጥ ይታወቃል። ለማይል የተሠራ አካልና ለማራቶን የተሠራ አካል በአንድ ፕሮግራም አይመጡም።

● አትሌቶች ከትልቅ ውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ልምምዳቸውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ ያውቁ ኖሯል? ፍጥነቱን ይጠብቁታል፤ የሚቀንሱት ብዛቱን ነው። አካል የሚጠነክረው በእረፍት ጊዜ ሲጠገን ነውና።

ከአገራችን መዝገብ

● ትግስት አሰፋ በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ2022 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:15:37 አሸነፈች፤ በ2023 እዚያው በ2:11:53 ገብታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ከሁለት ዙር ወደ 42 ኪሎ ሜትር የተሻገረችው በዓመታት ሥራ ነው። በሦስት ወር ከዜሮ ለማራቶን መድረስ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

● አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር። ሪባኑን አልፎም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታይቷል። ይህን ሲያደርግ ከኋላው የዓመታት ሥልጠና፣ አሰልጣኝና ሐኪም ነበሩት። ከቀዶ ሕክምና የተነሳ ማንኛውም ሰው ግን የሐኪሙን ፈቃድ ሳያገኝ መሮጥ የለበትም።

● ይኸው ጀግና በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ ስፖርትን አልተወም። በ1970 እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። የአካል ጉዳት ያለበት ሰው "እንቅስቃሴ ለኔ አይሆንም" የሚልበት ምክንያት የለም።

● አዲስ አበባ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ከባሕር ጠረፍ ጋር እኩል፣ 21 በመቶ ገደማ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ መጥተው ታላቁ ሩጫን ለመሮጥ የሚያስቡ ወገኖቻችን የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርምጃ ብቻ ቢያሳልፉ ይመረጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው ልምምድ ማቆም አለባቸው።

● ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ማራቶንን የተወው የከተማዋን የአየር ብክለት ፈርቶ ነው፤ አስም ነበረበት። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ በ2:03:59 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። መኪና በሚያጨስበት ዋና መንገድ ዳር የሚሮጡ ሁሉ ሰዓትና መንገድ ቢመርጡ ሳንባቸውን ይጠቅማሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

● ከሩጫ በፊት ቆሞ ጡንቻን ለረጅም ጊዜ መሳብ ጉልበትን ለጊዜው እንደሚቀንስ ያውቁ ኖሯል? ለማሟሟቂያ የሚሻለው ሶምሶማ፣ ጉልበት ማንሳት፣ እግርና ክንድ ማወዛወዝ ነው። ረጅሙን መሳሳብ ሲጨርሱ ያድርጉት።

● ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ኳስ ተጫዋቾችን ከጉዳት ይጠብቃል። በኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ በ2008 በወጣ ጥናት ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሷል። መሣሪያው ኳስና ሜዳ ብቻ ስለሆነ የሠፈር ቡድንም ይችለዋል።

● የቋንጃ ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል የሚቀንስ አንድ ሥራ አለ። ለስላሳ ነገር ላይ ይንበረከኩ፤ ጓደኛዎ ሁለቱን ቁርጭምጭሚትዎን አጥብቆ ወደ መሬት ይያዝ። ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ብለው፣ ወገብዎን ሳያጥፉ፣ ወደ ፊት በተቻለ መጠን ቀስ ብለው ይውረዱ። መቋቋም ሲያቅትዎት በእጅዎ መሬቱን ይቀበሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂቱ ይበቃል፤ በማግሥቱ ሕመሙ ይነግርዎታል።

● የማግሥቱ የጡንቻ ሕመም ከላክቲክ አሲድ እንደማይመጣ ያውቁ ኖሯል? ላክቲክ አሲድ ሥራው ካበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል። ሕመሙ ያልለመደ ጡንቻ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት የሚመጣ ሲሆን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከሆነ፣ ሐኪም ይየው።

● "220 ሲቀነስ ዕድሜ" የሚለው የልብ ምት ጣሪያ ግምት ብቻ ነው። ከሰው ሰው በ10 እና ከዚያ በላይ ምት ይለያያል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ አንዳንዱ መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚያወርድ በዚህ ስሌት መመራት የለባቸውም።

● ትንፋሽ ይዞ ክብደት መግፋት የደም ግፊትን የት እንደሚያደርሰው ያውቁ ኖሯል? በ1985 በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ልምድ ያላቸው የሰውነት ገንቢዎች በእግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደርሶ ነበር። እነሱ ለምደውታል። ግፊት ያለበት ጀማሪ ግን ቀላል ክብደት ይምረጥ፤ ሲያነሳ ትንፋሹን ያውጣ፣ ሲያወርድ ይሳብ።

አደጋው የት ነው?

● በ1993 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የማይንቀሳቀሱ ሰዎች ከባድ ሥራ ከሠሩ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ለድንገተኛ የልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌላው ጊዜ ከ100 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚሠሩት ግን 2.4 እጥፍ ብቻ ነበር። ያቺ አንድ ሰዓት ለአብዛኛው ሰው በሰላም ታልፋለች፤ ቁጥሩ የሚነግረን ግን ገዳዩ ድንገት መዝለሉ እንጂ እንቅስቃሴው እንዳልሆነ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ በበዓል ቀን ዘጠና ደቂቃ ኳስ መጫወት አደገኛ ነው።

● ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ቤት አይቆዩ። የተሰባበረ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ጂም በገባ በመጀመሪያው ቀን ከአቅም በላይ የሠራን ሰው ነው። የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።

● ውኃ ማብዛትም እንደሚጎዳ ያውቁ ኖሯል? በ2002 የቦስተን ማራቶንን ከጨረሱት 488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር፣ 13 በመቶዎቹ የሶዲየም መጠናቸው ከልክ በታች ነበር፤ ዋናው ምክንያት በሩጫው መካከል ከመጠን በላይ መጠጣት ነው። ሲጠማዎት ይጠጡ።

● በሙቀት ሲሮጥ የቆየ ሰው ግራ ከተጋባ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። ከተገኘ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ካልተገኘ ልብሱን አውልቀው ያለማቋረጥ ውኃ ያፍስሱበት፣ ያራግቡለት።

● ከደጋ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዶሃ የሄደ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። እስከዚያው ልምምዱ ይጠር፣ ሰዓቱም ማለዳ ወይም ማታ ይሁን።

● "ትኩሳቱ በላብ ይወጣልኛል" ብሎ መሮጥ ልብን እንደሚያጋልጥ ያውቁ ኖሯል? አንዳንድ ቫይረሶች የልብን ጡንቻ ያስቆጣሉ፤ በዚያ ላይ ከባድ ሥራ ሲጨመር የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ትኩሳት ካለ እረፍት ነው።

● ጁን 12 ቀን 2021 የዴንማርኩ ኳስ ተጫዋች ክሪስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ በጨዋታ መካከል ልቡ ቆሞ ወደቀ። ያተረፈው ወዲያው ደረቱ ላይ የተደረገለት ጫናና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ ነው፤ ዓመት ሳይሞላውም ወደ ሜዳ ተመለሰ። ዘዴው ይህ ነው፦ የወደቀው ሰው ካልመለሰልዎትና ትንፋሹ ልክ ካልሆነ አምቡላንስ ያስጠሩ፤ የአንድ እጅዎን መዳፍ ደረቱ መሐል ላይ፣ ሌላውን በላዩ ያድርጉ፤ ክንድዎን ሳያጥፉ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ። እርዳታ እስኪደርስ አያቁሙ።

● ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪ ስፖርተኞች የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራን ጨምሮ የጤና ምርመራ ሳያደርጉ እንዳይወዳደሩ አድርጋለች። በቬኔቶ ክልል የወጣት ስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት ከዚያ በኋላ በእጅጉ ቀንሷል። እርስዎም በእንቅስቃሴ መካከል ደረትዎን ካጣበቀዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ከማንኛውም ልምምድ በፊት ሐኪም ይዩ።

ልጆች፣ እናቶች፣ አዛውንት

● ልጅን ገና በለጋነቱ በአንድ ስፖርት ብቻ ማሠልጠን እንደሚጎዳው ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በአንድ ስፖርት ላይ ማተኮር እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢዘገይ ይመረጣል ይላል። ልጆች በሳምንት ከዕድሜያቸው ቁጥር በላይ ሰዓት ባይሠለጥኑ ይሻላል፦ የ10 ዓመት ልጅ ከ10 ሰዓት አይለፍ።

● በ2014 በወጣ ጥናት፣ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙ ታዳጊ ስፖርተኞች የመጎዳት ዕድላቸው ከሌሎቹ 1.7 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

● ልምምድ የምታበዛ ወጣት የወር አበባዋ ቢቋረጥ የጥሩ ሥልጠና ምልክት አይደለም። የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ማነሱን የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አጥንቷም እየሳሳ ሊሆን ይችላል። አሰልጣኞች ይህን ሳያፍሩ መጠየቅ አለባቸው።

● ነፍሰ ጡር እናት ሐኪሟ ካልከለከላት በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከርላታል።

● ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸው አባቶችና እናቶች በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚዛን ሥራ ቢሠሩ ከመውደቅ ይጠበቃሉ። ግድግዳ አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆም ጥሩ መነሻ ነው።

● ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ጾሞ ከባድ ልምምድ ቢሠራ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይያዝ፤ ብቻውንም ራቅ ብሎ አይሩጥ።

የመጨረሻው

● አትሌቱ ማለዳ ጠንክሮ ሠርቶ ቀን እንደሚተኛ ያውቁ ኖሯል? ምግቡ ይታሰብለታል፣ ማሳጅ አለው፣ ወጌሻና ሐኪም ይከታተሉታል፣ አሰልጣኙም ፊቱን አይቶ "ዛሬ ይብቃህ" ይለዋል። እኛ የሱን ፕሮግራም ስንቀዳ የምንቀዳው ሩጫውን ብቻ ነው፤ እረፍቱንና እንክብካቤውን ትተን በቀጥታ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሱቅ እንገባለን። የሱ ሥራ የሚመዘነው በውድድሩ ቀን ነው። የእርስዎ የሚመዘነው በሚመጣው ዓመትም እየሠሩ በመገኘትዎ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሚችሉት ትንሽ ቀንሰው ይጨርሱ፤ ነገም ይድገሙት።